ሸክም የሌለበት ቅስት
ስለ ጎቲክ ካቴድራሎች፣ ስለ ላሊበላና ስለ እኛ መስኮቶች

በቅርብ ዓመታት በሚሠሩት የወንጌላውያን ጸሎት ቤቶች ላይ እየተለመደ የመጣ አንድ የመስኮት ቅርጽ አለ። ከታች እንደ ማንኛውም መስኮት ቀጥ ብሎ ይነሣል፤ ወደ ላይ ሲደርስ ግን ሁለት ጎኖቹ እየተጣመሙ ይቀራረቡና ጫፉ ላይ እንደ ጦር ይሾላሉ። መስታወቱ አንዳንዴ ቀይና ሰማያዊ ይሆናል፤ አቅም ከሌለ ባለቀለም ፕላስቲክ ይለጠፍበታል። ይህን ቅርጽ የሚመርጠው የሕንፃ ኮሚቴ ለምን እንደመረጠው ቢጠየቅ መልሱ ብዙ ጊዜ አጭር ነው፦ «ቤተ ክርስቲያን እንዲመስል»።

የማነን ቤተ ክርስቲያን? ይህን መጠየቅ ክፋት አይመስለኝም። ለሕንፃው መዋጮ የሚያወጡት፣ ብሎኬት የሚያቀብሉት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አሸዋ የሚነፉት አብዛኛውን ጊዜ ወጣቶች ናቸው። የደከሙበት ነገር ምን እንደሚል ማወቅ ይገባቸዋል። ስለዚህ ቅርጹ ከየት እንደመጣ፣ በመጣበት አገር ምን ይሠራ እንደነበር፣ በዚያው ዘመን ደግሞ የእኛ አገር ጠራቢዎች ምን ይሠሩ እንደነበር እንይ። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ሹል ቅስት በመጀመሪያ ጌጥ አልነበረም። ከጭንቀት የወጣ መፍትሔ ነበር። የድንጋይ ጣሪያ ሥራ ላይ ትልቁ ችግር ክብደቱ ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ወደ ጎንም መግፋቱ ነው። ይህን ለመረዳት ሁለት ልጆች ፊት ለፊት ቆመው መዳፍ ለመዳፍ ተደጋግፈው ወደ ፊት ያዘንብሉ። እግሮቻቸው በተራራቁ ቁጥር ወደ ኋላ ይንሸራተታሉ፤ አንድ ሰው ከኋላ እግራቸውን መያዝ አለበት። እግሮቻቸውን ሲያቀራርቡ ግን ቀጥ ይላሉ፣ መንሸራተቱም ይቀንሳል። ክብ ቅስት እግራቸውን አራርቀው እንደቆሙት፣ ሹል ቅስት እንደተቀራረቡት ነው። ሌላም ጥቅም አለው። የክብ ቅስት ቁመት ሁልጊዜ የስፋቱ ግማሽ ነው፤ ሰፊውና ጠባቡ እኩል ከፍታ ላይ ሊገናኙ አይችሉም። ሹሉን ግን ግንበኛው እንደፈለገ ሊያስረዝመው ወይም ሊያሳጥረው ይችላል።

የሰሜን ፈረንሳይ ግንበኞች ይህን ቅስት ከሁለት ነገሮች ጋር አጣመሩት። አንደኛው የጣሪያውን ክብደት ሰብስቦ ወደ ዓምዶቹ የሚያወርድ፣ እንደ ጎድን አጥንት የተዘረጋ የድንጋይ መረብ ነው። ሁለተኛው ከሕንፃው ውጭ ቆሞ እንደ ክንድ እየተዘረጋ ግፊቱን የሚቀበል ግማሽ ቅስት ነው፤ ያ ነው ከኋላ ሆኖ እግራቸውን የሚይዝላቸው ሰው። እነዚህ ሦስቱ ሲገናኙ ግድግዳው ከሸክም ነጻ ወጣ። ሸክም የሌለበትን ግድግዳ ደግሞ አፍርሶ በምትኩ መስታወት ማስገባት ይቻላል። የጎቲክ ሕንፃ ምስጢሩ እዚህ ላይ ነው። መስኮቱ ሰፊ የሆነው ቅስቱ ስለሠራ ነው፤ ቅስቱ የሾለው ደግሞ መሥራት ስለነበረበት ነው።

የዚህ አሠራር መነሻ ተብሎ የሚጠቀሰው ከፓሪስ አጠገብ ያለው የሳን ደኒ ገዳም ነው። አበምኔቱ ሱዤ የሕንፃውን ምሥራቃዊ ክፍል አሳድሶ በ1144 አስመረቀ፤ የሥራውንም ታሪክ ራሱ ጻፈ። ሱዤ ስለ ብርሃን ብዙ ያሰበ ሰው ነበር። የሚታየው ብርሃን ነፍስን ወደማይታየው ብርሃን ይመራታል ብሎ ያምን ነበር። ከእርሱ ሃምሳ ዓመት በኋላ፣ በ1194፣ የሻርትር ካቴድራል ተቃጠለ። ከአመዱ ላይ የተነሣው አዲሱ ሕንፃ ጣሪያው 37 ሜትር ያህል ከፍታ አለው፤ በአብዛኛው ያለቀውም በሠላሳ ዓመት ውስጥ ነው። ከ150 በላይ ባለቀለም መስኮቶቹ ዛሬም አሉ። ማንበብ የማይችለው ሕዝብ የመጽሐፍ ቅዱስን ታሪክ ከእነዚህ መስታወቶች ላይ ይከታተል ነበር። ከታች በኩል የዳቦ ጋጋሪውን፣ የጫማ ሰፊውን፣ የአንጥረኛውን ሥራ የሚያሳዩ ሥዕሎችም አሉ። ሕንፃውን የነደፈው ሰው ግን ስሙ አይታወቅም።

«ጎቲክ» የሚለው ስም ራሱ ስድብ ነበር። ከጥቂት መቶ ዓመታት በኋላ የመጡ የጣሊያን ጸሐፊዎች የጥንቱን የሮማን ውበት ስለሚያደንቁ፣ ይህንን አሠራር ሮምን ከዘረፉት የጎት ነገዶች ጋር አያይዘው አረመኔያዊ አሉት። የሠሩት ሰዎች ስሙን ሰምተውት አያውቁም።

ከጎቲክ ታሪኮች ሁሉ ለእኔ የሚበልጥብኝ ግን የሻርትር አይደለም፤ የቦቬ ነው። የቦቬ ከተማ ሰዎች ከሁሉም የሚረዝም ካቴድራል ለመሥራት ተነሡ። በ1272 የሕንፃውን ምሥራቃዊ ክፍል 48 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ጣሪያ ሸፈኑት። አሥራ ሁለት ዓመት ቆየ። በ1284 ከፊሉ ተደረመሰ። አልተውትም፤ በዓምዶቹ መካከል ሌላ ዓምድ እየጨመሩ እንደገና ሠሩት። በ16ኛው መቶ ዘመን ደግሞ ሕዝቡ የሚቆምበትን ዋናውን አዳራሽ ከመጨረስ ይልቅ ከ150 ሜትር በላይ የሚደርስ ግንብ አቆሙበት። ግንቡ በ1573 በዕርገት በዓል ዕለት ወደቀ። ገንዘቡም ወኔውም አለቀ፤ አዳራሹ እስከ ዛሬ አልተሠራም። ዛሬ ቦቬ የሚሄድ ሰው የሚያየው ራስ ብቻ ሆኖ አካል የሌለው ቤተ ክርስቲያን ነው። ይሁንና ያ ራስ ድንቅ ነው። ትዕቢት ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አያሳምነኝም። ከወደቀ በኋላ ዓምድ ጨምረው እንደገና የሠሩት ሰዎች ትዕቢተኞች ብቻ አልነበሩም።

የእኛ መንፈሳዊ አባቶች፣ የተሐድሶው ሰዎች፣ ከእነዚህ ሕንፃዎች ጋር የነበራቸው ግንኙነት የተደበላለቀ ነው። በብዙ ቦታ ምስሎች ተሰበሩ፣ ግድግዳዎች በኖራ ተለቀለቁ። ሕንፃዎቹ ግን አልተጣሉም። ሉተር በቪተንበርግ የሰበከበት የከተማዋ ቤተ ክርስቲያን ጎቲክ ነው። በጀርመን የኡልም ከተማ ካቶሊኮች በ1377 የጀመሩትን ቤተ ክርስቲያን ከተማዋ ወደ ተሐድሶው ከተሻገረች በኋላ ሉተራውያን ወረሱት፤ በ1890 ጨርሰው 161 ሜትር ከግማሽ አደረሱት፤ ለረጅም ዘመንም የዓለም ረጅሙ ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ኖረ። ሲወርሱት ግን ችግር አጋጠማቸው፤ ድምፅ። የጎቲክ ሕንፃ ለዝግታ ዜማ የተመቸ ነው። አንድ ቃል ከአንደበት ከወጣ በኋላ በድንጋዩ መካከል እየተንከባለለ ይቆያል። በዜማ ሲሆን ያምራል፤ በስብከት ሲሆን አንዱ ቃል ሌላውን ይውጠዋል። ስለዚህ በብዙ ቦታ ሰባኪው ከሩቁ መሠዊያ ተነሥቶ ወደ ሕዝቡ መካከል መጣ፤ ሰገነቱ ከዓምድ ጋር ተሠራ፤ መቀመጫዎች ወደ እርሱ ዞሩ። ሕንፃው ባይቀየርም አምልኮው ሕንፃውን አስተካከለው። የእኛ ኮሚቴዎች ከጎቲክ አንድ ነገር መቅዳት ካለባቸው ከመስኮቱ በፊት ይህንን ቢቀዱ ደስ ይለኝ ነበር።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። የሻርትር ግንበኞች ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየደረደሩ ወደ ላይ በሚወጡበት ዘመን፣ ከሸዋ ሮቢት በስተ ሰሜን በላስታ ተራሮች ላይ ሌሎች ሠራተኞች ወደ ታች ይወርዱ ነበር። ንጉሥ ላሊበላ የነገሠው በ12ኛው መቶ ዘመን መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ ነው። በስሙ የሚጠራው ከተማ አሥራ አንድ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት አሉት፤ ዩኔስኮ በ1978 በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። ሁሉም በአንድ ንጉሥ ዘመን አልቀዋል ወይስ አንዳንዶቹ ቀደም ብለው በየደረጃው ተጠርበዋል በሚለው ላይ ሊቃውንቱ ይከራከራሉ። ትውፊቱ ሰዎች ቀን የሠሩትን መላእክት ሌሊት እያገዙ ይጨምሩ ነበር ይላል። የጠራቢዎቹ ስም ግን እንደ ሻርትሩ ነዳፊ ሁሉ አልተነገረንም።

የላሊበላ ሥራ ከጎቲክ ጋር በትይዩ ሳይሆን በተቃራኒው የቆመ ነው። ጎቲክ ይጨምራል፤ ላሊበላ ይቀንሳል። ጎቲክ ከመሠረት ይጀምራል፤ ላሊበላ ከጣሪያ። በቦቬ የተሳሳተ ድንጋይ አውርዶ ሌላ መተካት ይቻላል፤ በላሊበላ አንድ ጊዜ የተቆረጠ አይመለስም። የቤተ መድኃኔ ዓለም ርዝመት ከ30 ሜትር ይበልጣል፤ ዙሪያውን በዓምድ የታጠረ ነው፤ እያንዳንዱ ዓምድ ቦታው ገና አለት ሳለ ታስቦ የተተወ ነው። ጠራቢው ሊያስቀር የሚገባውን ካላወቀ ሊያነሣ የሚገባውንም አያውቅም። የቦዮቹ ተዳፋት ሳይቀር የክረምቱን ውኃ ወደ ውጭ እንዲያወጣ ታስቧል፤ የላሊበላ ትልቁ ጠላት የመደርመስ ግፊት ሳይሆን ውኃና ስንጥቅ ነውና።

እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ እዚህ ላይ ይወሳሰባል። ላሊበላ ውስጥ ቅስት አለ፤ ብዙ ቅስት አለ። ከአንድ አለት በተፈለፈለ ቤት ውስጥ ግን ቅስቱ ድንጋይ ከድንጋይ ጋር አያጋጥምም፤ ሁሉም አንድ አካል ነው። ከዓምድ ወደ ዓምድ የተዘረጋው ቅስት እዚያ ያለው ግንበኛ ስለተገደደ ሳይሆን ጠራቢ ስለፈለገ ነው። ሸክም የሌለበት ቅስት ነው ማለት ይቻላል። ከዚህም የባሰ «ውሸት» አለ። ቤተ አማኑኤልን ከውጭ ያየ ሰው ግድግዳው አንዴ ገባ አንዴ ወጣ እያለ በአግድም የተደረደረ መሆኑን ያስተውላል። ይህ የጥንት አክሱማውያን አሠራር ቅጂ ነው፤ እነርሱ ድንጋይና እንጨት እያፈራረቁ ይገነቡ ነበር፤ የእንጨቶቹም ጫፍ ከግድግዳው ወጥቶ ይታይ ስለነበር «የዝንጀሮ ራስ» ይባላል። እውነተኛውን አሠራር በደብረ ዳሞና በላስታው ይምርሐነ ክርስቶስ ማየት ይቻላል። በቤተ አማኑኤል ግን አንድም እንጨት የለም። አለቱ እንጨት ያለበት መስሎ ተጠርቧል።

ቤተ ጊዮርጊስ ደግሞ ሁለቱን ያገናኛል። ከላይ ሲታይ መስቀል ነው፤ በጣሪያው ላይም መስቀል በመስቀል ውስጥ ተቀርጿል። የታችኛው ረድፍ መስኮቶቹ በአክሱም አምሳል የተቀረጹ ሲሆኑ ድፍን ናቸው፤ አይከፈቱም። የላይኞቹ አሥራ ሁለቱ ግን ክፍት ናቸው፤ ጫፋቸውም የሾለ ቅስት ነው፤ በሐረግ አጊጠዋል። ያ ሹል ቅርጽ ከአክሱም የመጣ አይደለም፤ በዘመኑ በግብፅና በዓረቡ ዓለም የተለመደ ነበር። ላሊበላም ይቀዳ ነበር ማለት ነው።

ታዲያ ላሊበላ ሸክም የሌለውን ቅስት ከቀረጸ የእኛ ኮሚቴ በአርማታ ቢሠራው ምን ነውር አለው? ይህ ሙግት ቀላል አይደለም። ሐቀኛ ሕንፃ ማለት የማይሠራ ቅርጽ የሌለበት ሕንፃ ነው ብለን ከተነሣን ላሊበላን ራሱን ልናወግዝ ነው፤ ያን የሚያደርግ ሐያሲ ደግሞ ዓይኑን ቢመረመር ይሻላል።

እኔ ልዩነቱን የማየው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው ትዝታ ነው። የቤተ አማኑኤል ጠራቢ አክሱምን ሲቀዳ የአባቶቹን ቤት እየቀዳ ነበር። ሕዝቡ የሚያውቀው፣ የጸለየበት፣ «ቤተ ክርስቲያን» ሲባል በአእምሮው የሚመጣለት ቅርጽ ነበር። በእንጨት ሲኖር የነበረውን በአለት አጸናው። የእኛ ሹል መስኮት ግን የማንንም አባት ቤት አያስታውስም። የመጣው ከካላንደር ሥዕል፣ ከፊልም፣ ከስልክ ላይ ፎቶ ነው። የወንጌላውያን አማኞች ትዝታ ሌላ ነው። በደርግ ዘመን ብዙ ጸሎት ቤቶች ሲዘጉ አማኞች በየቤቱ፣ መጋረጃ ዘግተው፣ ድምፅ ቀንሰው ይሰበሰቡ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣው የቆርቆሮ አዳራሽ ነው፤ በጭቃ ምርግ፣ በእንጨት አግዳሚ። ሳሎን ቤትና ቆርቆሮ አዳራሽ፤ የእኛ አክሱም እነዚህ ናቸው። እነርሱን የሚያስታውስ አንድም አዲስ ጸሎት ቤት አላየሁም። ሁሉም ሊረሳቸው የቸኮለ ይመስላል።

ሁለተኛው ሥራ ነው። የቤተ ጊዮርጊስ የላይኛው መስኮት ቅርጹን ቢዋስም ሥራውን ያውቃል። ቤቱ በጉድጓድ ውስጥ ስላለ ብርሃን የሚገኘው ከላይ ነው፤ ስለዚህ የላዩ ተከፍቶ የታቹ ተደፈነ። የእኛን መስኮት እንመልከት። በአርማታ ሥራ ክብደቱን የሚሸከመው ቢሙና ኮለኑ ነው። ከመስኮቱ በላይ ቀጥ ያለ አርኪትራቭ ያልፋል፤ ሹሉ ክፍል በብሎኬት ተሞልቶ በልስን የተስተካከለ ነው። ይህም ይሁን። ግን ከውስጥ ተቀምጠን እንየው። ሹሉ ክፍል ለመክፈት ስለሚያስቸግር መስታወቱ ድፍን ይሆናል። ሞቃት አየር ደግሞ ወደ ላይ ነው የሚወጣው፤ መውጫ የሚያስፈልገው በትክክል እዚያ ነው። ሰሜን ፈረንሳይ ፀሐይ የምትናፈቅበት አገር ነው፤ ሱዤ ብርሃንን እንደ እንግዳ ለመቀበል ግድግዳውን ቢያፈርስ እውነት አለው። የይፋት ቆላ ግን ፀሐይን የሚለምን አገር አይደለም። እዚህ ረጅም ባለመስታወት መስኮት ወደ ምዕራብ ማዞር ማለት የከሰዓቱን ፕሮግራም ምድጃ ውስጥ ማካሄድ ነው። ከዚያ ለቬንትሌተር መዋጮ ይጠየቃል፤ የቬንትሌተሩ ድምፅ ሰባኪውን ይሸፍነዋል፤ የድምፅ ማጉያው ይጨመራል።

«በአገራችን በይፋት የጥንት ሕንፃ የለም፤ ከየት እንማር?» የሚሉ አሉ። አለ። የይፋት ቆላ የመካከለኛው ዘመን ታሪክ በአብዛኛው የእስልምና ከተሞች ታሪክ ነው። ከ13ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የወላስማ ሥርወ መንግሥት እዚህ ገዝቷል፤ ወደ ባሕር የሚወርደው የንግድ መንገድ በእጁ ነበር፤ በ1332 ዐፄ ዐምደ ጽዮን የዘመቱበትም ይኸው ይፋት ነው። ከሸዋ ሮቢት ብዙ በማይርቀው ኖራና በሌሎች ቦታዎች ተመራማሪዎች የዚያን ዘመን ከተሞች ፍርስራሽ፣ የድንጋይ ቤቶችና መስጊዶችን አጥንተዋል። እምነታችን የተለያየ ነው፤ ይህ አይሸሸግም። ድንጋዩ፣ ሙቀቱና ዝናቡ ግን አንድ ናቸው። ከዚያው ተራራ በወጣ ድንጋይ በወፍራሙ የተሠራ ግድግዳ ከስድስት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ዛሬም በከፊል መቆሙ ለማንም ግንበኛ ትምህርት ነው። በዚያ ዘመን ጦርነት የሁለቱንም ወገን የጸሎት ቤቶች በልቷል። ዐፄ ናዖድ አስጀምረው ዐፄ ልብነ ድንግል ያስፈጸሙት፣ በወርቅ አጊጦ ነበር የሚባለው የዐምሐራው መካነ ሥላሴ በ1531 በኢማም አሕመድ ዘመቻ ተቃጥሎ ጠፋ። ስለዚህ ፍርስራሽ የምናይበት ዓይን ንጹሕ ሊሆን ይገባል፤ ማንም በማንም ፍርስራሽ ላይ ሊደሰት አይችልም።

አንዳንድ ወንድሞች ይህ ሁሉ ጨዋታ ነው ይላሉ። እስጢፋኖስ በሸንጎው ፊት ልዑል በሰው እጅ በተሠራ ቤት እንደማይኖር ተናግሮ የለምን? ተናግሯል፤ ሰሎሞንም መቅደሱን በመረቀ ቀን ሰማያት እንኳ እግዚአብሔርን እንደማይዙት በጸሎቱ መስክሯል። ሆኖም በዘጸአት መጽሐፍ በእግዚአብሔር መንፈስ እንደተሞላ በግልጽ የተነገረለት ባስልኤል ነቢይ አይደለም፤ እጀ ብልህ ሠራተኛ ነው። ሕንፃ ምንም አይደለም የሚለውን ሙግት የማከብረው ተናጋሪው በእርግጥ በሳሎኑ ሲሰበሰብ ነው። ሚሊዮኖች ወጪ አድርጎ «ሕንፃ ምንም አይደለም» ማለት ግን ሳያስቡ ለመሥራት ፈቃድ መጠየቅ ነው።

ተማሪ ለሆናችሁትና የሕንፃ ኮሚቴ ስብሰባ ላይ በታዛቢነት እንድትቀመጡ ለሚፈቀድላችሁ አንድ ሐሳብ አለኝ። ፕላኑ ሲቀርብ ስለ መስኮቱ ቅርጽ አትከራከሩ፤ ታላላቆቻችሁን በጌጥ ጉዳይ መርታት አይቻልም፤ አክብሮትም አይደለም። ይልቅ ቁጥር ጠይቁ። የሚከፈተው የመስኮት ስፋት ስንት ካሬ ሜትር ነው? ከጣሪያው ሥር አየር የሚወጣበት ክፍተት አለ? ከቆርቆሮው በታች ኮርኒስ ይኖራል? በረንዳው ስንት ሜትር ወጥቶ ግድግዳውን ያጠላል? መስታወቱን ትቶ በስተ ምዕራብ ያለውን ግድግዳ ቀዳዳ ባለው ብሎኬት ቢሠሩት ዋጋው ስንት ይቀንሳል? ሜትርና ወረቀት ይዛችሁ አሁን ያለውን አዳራሽ ለኩ። እሑድ ከሰዓት በዘጠኝ ሰዓት ገብታችሁ እጃችሁን በግድግዳው ላይ አኑሩ፤ የትኛው ግድግዳ እንደሚያቃጥል ጻፉና ለኮሚቴው ስጡ።